ጭንቅላት፣ አልጋና የአንባቢ ምስክርነት

ጆን ሜናርድ ኬይንስ አብረውት የተኙትን ሰዎች በዝርዝር ይመዘግብ ነበር። አዎ፣ ያው ኢኮኖሚስቱ ኬይንስ። ከ1901 እስከ 1915 ያሉትን ዓመታት የሚሸፍኑት ዝርዝሮቹ ዛሬም ካምብሪጅ፣ ኪንግስ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ውስጥ አሉ። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ዝርዝር ሰዎቹን በስማቸው መነሻ ፊደልና በቅጽል እየጠራ በየዓመቱ ያሰፍራቸዋል። ሌላኛው ቁጥርና ምስጢራዊ ፊደል ነው። በዚያ ዘመን አብረውት የነበሩት ወንዶች ናቸው፤ በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ይህ ወንጀል ነበር። ኋላ በ1925 ሊዲያ ሎፖኮቫ የተባለች ሩሲያዊት የባሌት ዳንሰኛ አግብቶ እስኪሞት አብሯት ኖረ።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር የማገኘው ምላሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዞ!" ይላል። ሌላው "እንዲህ ያለ ጭንቅላት ስላለው ነዋ!" ይላል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ማስረጃቸውም ያው አንድ ሰው ነው።

በራሴ ጽሑፍ ላይም ይኸው ደርሶብኛል። አጫጭር ልቦለዶች እጽፋለሁ። አንዱ ታሪኬ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት አለች። ጎበዝ ናት። ተማሪዎቿ ይፈሯታል፣ ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ደግሞ ይናፍቋታል። አንድ ምሽት የሥራ ባልደረባዋን ቤቷ ትጠራዋለች። ቀድማ እጇን የምትዘረጋው እሷ ናት። ምን እንደምትፈልግም በቃሏ ትነግረዋለች። ያ ትዕይንት አንድ ገጽ ተኩል ያህል ነው።

ረቂቁን ለሚያነቡልኝ ሰዎች ሰጠሁ። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ የማከብራቸው ሰው "አየህ ልጄ፣ እንዲህ የተማረች ሴት እንዲህ አትዋረድም። አላመንኩህም" አሉኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "የተማረች ስለሆነች እኮ ነው ነፃ የሆነችው። አመንኩህ" አለችኝ። ገጹ ያው ነው፤ ሴትየዋም ያቺው ናት። የሚገርመው ግን መምህርት ያደረግኳት ስለ እውቀትና ስለ አልጋ የተለየ ፍልስፍና ኖሮኝ አይደለም። ደመወዟ ትንሽ፣ ቤቷ ጠባብ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ሰውየው ሲመጣ ከአልጋው ሌላ መቀመጫ እንዳይኖር።

ነገሩ ስላልለቀቀኝ "ለመሆኑ ጎበዝ ሰው በወሲብ ደፋር ነው ወይስ ቁጥብ?" ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች ምን አገኙ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መልሱ ለሁለቱም አንባቢዎቼ ጥቂት ጥቂት ይሰጣል።

በ2000 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን የቃላት እውቀት ፈተና ውጤት ከወሲብ ልምዳቸው ጋር አስተያየ። በፈተናው ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ልጆች ከመካከለኞቹ ይልቅ ድንግል ሆነው የመቆየት ዕድላቸው ሰፋ ያለ ነበር። እስከዚህ ድረስ አዛውንቱ ደስ ይላቸው ነበር። ግን በጣም ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውም እንደዚያው ናቸው። ቶሎ የጀመሩት መሃል ላይ ያሉት ናቸው።

ቀደም ብሎ ደግሞ አልፍሬድ ኪንሴይ አለ። ኪንሴይ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪ ነበር። ስለ አንድ የተርብ ዓይነት ዓመታት ሙሉ ሲሰበስብና ሲለካ ኖሮ ወደ ሰው ልጅ መኝታ ቤት ዞረ። በ1948 ስለ ወንዶች፣ በ1953 ስለ ሴቶች ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አወጣ። የመጀመሪያው በ5,300 ወንዶች፣ ሁለተኛው በ5,940 ሴቶች ቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ነው። እሱ እንዳገኘው ኮሌጅ የገቡት ወንዶች ከጋብቻ በፊት ወደ ወሲብ የሚሄዱት ዘግይተውና አልፎ አልፎ ነው። አልጋ ላይ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ልዩ ልዩ ነገር ይሞክራሉ። ብዙ ያልተማሩት ቀድመው ይጀምራሉ፣ ነገር ግን መብራት አጥፍተው፣ ልብስ ሳያወልቁ፣ ባንድ ዓይነት መንገድ። ታዲያ ደፋሩ የቱ ነው? ቀድሞ የጀመረው ወይስ ብዙ የሞከረው? ጥያቄው ራሱ ሁለት ጥያቄ ነበር።

የሥነ ልቦና ሰዎች ሌላም ነገር ይጨምራሉ። ለአዲስ ነገር ክፍት የመሆን ጠባይ የሚሉት አለ። አዲስ ሙዚቃ፣ አዲስ ምግብ፣ አዲስ ሐሳብ የሚወድ ሰው ጠባይ ነው። ይህ ጠባይ ከብልህነት ጋር መጠነኛ ዝምድና አለው፣ በወሲብ ጉዳይ ልል አመለካከት ከመያዝም ጋር እንደዚያው። ስለዚህ ጎበዝ ሆነው ደፋር የሆኑ ሰዎች ሲያጋጥሙን ድፍረታቸው የመጣው ከጭንቅላታቸው ሳይሆን ከዚያ ከሦስተኛው ጠባይ ሊሆን ይችላል። ምንም አዲስ ነገር የማይወዱ እጅግ ብልህ ሰዎችም ሞልተዋል። አንዳንዶቹ አለቆቼ ነበሩ።

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን ግኝቱ አይደለም። እነዚህ ጥናቶች ሁሉ ሰው ስለ ራሱ በሚናገረው ላይ መቆማቸው ነው። ማንም መኝታ ቤት ገብቶ አልቆጠረም። በ2003 ሚሼል አሌክሳንደርና ቴሪ ፊሸር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተኑት። ያላገቡ የኮሌጅ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። ከስንት ሰው ጋር እንደተኙ ጠየቋቸው። የመጀመሪያው ቡድን መልሱን ሌላ ተማሪ ሊያየው እንደሚችል እንዲጠረጥር ተደረገ። ሁለተኛው ስሙን ሳይጽፍ ብቻውን ሞላ። ሦስተኛው ውሸት ያጋልጣል የተባለ ማሽን ሰውነቱ ላይ ተገጠመለት። ማሽኑ አይሠራም፤ ተማሪዎቹ ግን አላወቁም።

ሴቶቹ ሰው ያየኛል ብለው ሲያስቡ የሰጡት ቁጥር በአማካይ 2.6 ነበር። ብቻቸውን ሲሆኑ 3.4። ማሽኑ ሲገጠምላቸው 4.4። ወንዶቹ 3.7፣ 4.2፣ 4.0 አሉ፤ ብዙም አልተንቀሳቀሱም። ሰው ሲያያቸው በግልጽ ከወንዶቹ ያነሰ ይሉ የነበሩት ሴቶች ማሽኑ ፊት ከወንዶቹ እኩል፣ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጡ። የኖሩት ሕይወት አልተለወጠም። የተለወጠው ማን እየሰማ ነው የሚለው ነው።

ይህን ሳነብ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጡት አንባቢዎቼ ናቸው። የመጽሐፍ አስተያየትም ቃል መስጠት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ከገጽ ጋር፣ ማንም ሳያየው ያሳለፈውን ነገር ይነግረናል። የሚነግረን ደግሞ የሚሰማውን ሰው አይቶ ነው። ጽሑፉ ስለ ወሲብ ከሆነ ማፈሩም፣ ጀግና ለመምሰል መሞከሩም እጥፍ ይሆናል።

ለዚህ ከማንም በላይ ጥሩ ምስክር እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ ናት። እሷና አየርላንዳዊው ደራሲ ጄምስ ጆይስ በአንድ ዓመት፣ በ1882፣ ተወለዱ። በአንድ ዓመት፣ በ1941፣ ሞቱ። የሁለቱም ሥራ የሰው ሐሳብ ከደቂቃ ደቂቃ እንዴት እንደሚፈስ መከተል ነበር። በ1918 ሃሪየት ዊቨር የተባለች አሳታሚ "ዩሊሲስ" የተባለውን የጆይስን ልቦለድ የመጀመሪያ ምዕራፎች ይዛ ወደ ዉልፍና ባለቤቷ ሌናርድ መጣች። ባልና ሚስቱ ሆጋርዝ ፕሬስ የሚባል አነስተኛ ማተሚያ ነበራቸው። ሥራው ለእጅ ማተሚያቸው እጅግ ረጅም ነበር። ሌሎች ማተሚያ ቤቶችም በነውር እንከሰሳለን ብለው ፈሩ። ስለዚህ አልታተመም።

እዚህ ላይ የዉልፍን ወዳጆች ማሰብ ያስፈልጋል። የብሉምስበሪ ቡድን የሚባሉት ናቸው። ኬይንስ ከነዝርዝሩ አንዱ ነው። እህቷ ቫኔሳ ከባሏ ሳትፋታ ከሠዓሊው ዳንከን ግራንት ጋር ትኖር ነበር፤ ግራንት ደግሞ ወንድ ወዳጁን ይዞ እዚያው ቤት ነበር። ዉልፍ ራሷ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከጸሐፊዋ ከቪታ ሳክቪል ዌስት ጋር ፍቅር ያዛት። ከቡድኑ አንዱ የሆነው ጸሐፊ ሊተን ስትሬቺ በቫኔሳ ቀሚስ ላይ ያለ እድፍ በጣቱ እያሳየ "የወንድ ዘር ነው?" ብሎ እንደጠየቀ፣ ከዚያች ቃል በኋላም በመካከላቸው የማይወራ ነገር እንዳልቀረ ዉልፍ በትዝታ ጽሑፏ ተርካለች። እንግሊዝ ውስጥ በጭንቅላትም በአልጋም ከእነሱ የሚደፍር መፈለግ አድካሚ ነው።

ታዲያ የጆይስን መጽሐፍ እንዴት አነበበችው? በነሐሴ 1922 በማስታወሻ ደብተሯ ላይ የጻፈችው አለ። 200 ገጽ አንብባለች። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ እስከ መቃብሩ ትዕይንት ድረስ፣ አዝናንተዋታል፣ ማርከዋታል። ከዚያ በኋላ ግን ግራ ተጋባች፣ ሰለቸች፣ ተናደደች። ብጉሩን የሚያክ የዩኒቨርሲቲ ጎረምሳ ይመስላል አለች። አስተዳደግ የጎደለው፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ የላብ አደር መጽሐፍ ነው አለች።

ጆይስ ከደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በዲግሪ የተመረቀ ሰው ነው። ወንድሞቿ ካምብሪጅ ሲላኩ ቤት የቀረችው፣ አብዛኛውን እውቀቷን ከአባቷ መጻሕፍት ያገኘችው እሷ ናት። ያ ቁጭት ዕድሜ ልኳን አብሯት ኖሯል፤ ደጋግማም ጽፋበታለች። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በዚያው ደብተር፣ እኔ የምሠራውን ነገር ምናልባት አቶ ጆይስ በተሻለ እየሠራው ነው ብላ ነበር። ስድቡን ከዚህ ጋር አያይዤ ሳነበው የማየው ዉልፍን ነው። ጆይስ የለበትም ማለት ይቻላል።

በአደባባይ ግን እንዲህ አልተናገረችም። በ1919 ስለ አዲሱ ልቦለድ በጻፈችው መጣጥፍ ጆይስን ከዘመኑ ታላላቅ ደራስያን ለይታ፣ መንፈስን የሚፈልግ ጸሐፊ ብላ አሞግሳዋለች። ነውር ላይ ማተኮሩ ሥራውን ያጠበበው ይሆን ብላ በትህትና ጠየቀች እንጂ ብጉር የሚባል ነገር አላነሳችም። ለሕዝብ አንድ ቁጥር፣ ለብቻዋ ሌላ ቁጥር። ደብተሩ ለእሷ ማሽኗ ነበር።

ግን ፍርዷ በዚያም አልቆመም። በመስከረም ወር መጽሐፉን ጨርሳ መናደዷን ከጻፈች በኋላ ሌናርድ ኔሽን በተባለ የአሜሪካ መጽሔት የወጣ አንድ ሂስ ሰጣት። እሱን ካነበበች በኋላ ይህ ሂስ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጽሐፉን ትርጉም ተንትኖልኛል፣ መጽሐፉም እኔ ከፈረድኩት እጅግ የሚበልጥ ይመስላል ብላ ጨመረች። የሌላ ሰው ምስክርነት የራሷን አናወጠው። በ1941 ጆይስ ሲሞት ደግሞ ያን የድሮውን ረቂቅ አስታወሰች። ደራሲዋ ካተሪን ማንስፊልድ ቤቷ መጥታ አውጥታ አሳይታት ነበር። ማንስፊልድ እያሾፈች ማንበብ ጀመረች። ድንገት አቆመችና "ግን እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ" አለች።

ይቺን ወግ በጣም እወዳታለሁ። ሁለት እጅግ ብልህ ሴቶች፣ ሁለቱም በሕይወታቸው ለወሲብ ነውር ብዙም የማይጨነቁ፣ ገጽ ላይ ሲያዩት ግን ተሽኮርምመው ይስቃሉ። ደፋር ኑሮ ደፋር አንባቢ አያደርግም ማለት ነው። የተገላቢጦሹም እውነት ነው። ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ፣ ጾሟን የማታፈርስ አክስት አለችኝ። በረቂቄ ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ከተጣሉ በኋላ የሚተኙበትን ትዕይንት እሷን ያህል በቀና ልብ ያነበበው የለም።

ስለ ዲ. ኤች. ሎውረንስ "የሌዲ ቻተርሊ ፍቅረኛ" ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያወራበታል። በ1960 ለንደን ላይ አሳታሚው ፔንግዊን በነውር ሲከሰስ ዐቃቤ ሕጉ ከሕዝብ የተመረጡትን ፈራጆች (ጁሪውን) "ይህ ሚስታችሁ ወይም አገልጋዮቻችሁ እንዲያነቡት የምትፈልጉት መጽሐፍ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከፈራጆቹ መካከል ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ኅዳር 2 ቀን ፔንግዊን ነፃ ወጣ። ለእኔ ግን የዚያ መጽሐፍ ምርጥ ሂስ ከአንድ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ የወጣው ነው። ፊልድ ኤንድ ስትሪም የሚባል የአደንና የዓሣ ማጥመድ መጽሔት አለ። ኤድ ዘርን የተባለ የመጽሔቱ ቀልደኛ ስለ መጽሐፉ ጻፈ። የሌዲ ቻተርሊ ፍቅረኛ የዱር ጠባቂ ነው። ዘርንም መጽሐፉን ስለ እንግሊዝ የዱር ጠባቂ የዕለት ተዕለት ሥራ እንደሚናገር አድርጎ ወሰደው። ስለ ወፍ እርባታና ስለ ሕገ ወጥ አዳኞች የተጻፈው ለአዳኝ ይጠቅማል፤ የሚያሳዝነው ከጉዳዩ ውጭ በሆኑ ብዙ ገጾች መሃል ማለፍ ግድ ይላል አለ። ቀልድ ነው። ግን አንባቢ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያነበው። እሱ ወፍ ፈልጎ ነው የመጣው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ጋሽ ስብሃት ገብረ እግዚአብሔር አለ። "ሌቱም አይነጋልኝ"ን ፈረንሳይ አገር ሳለ በ1960ዎቹ ጻፈው። የውቤ በረሃ ሌሊቶች ናቸው፤ የሴቶቹ፣ የመጠጡ፣ የአልጋው ቋንቋ እንዳለ ነው የሰፈረው። ለረጅም ዓመታት ሳይታተም ቆየ። ስብሃት የካቲት 2004 ዓ.ም. ሲያርፍ አገሩ ሁሉ ፈላስፋ፣ ሊቅ፣ መምህር እያለ ሸኘው። ያው አገር ግን ለዓመታት ባለጌ ሲለው ነበር። አንዳንዴ ሁለቱንም የሚለው አንድ ሰው ነው። ጠዋት ቢሮ ውስጥ "ትውልድ አበላሸ" ይላል፤ ማታ ቢራ ይዞ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ በቃሉ ይወጣል። ግብዝ ነው ብዬ ልፈርድበት አልፈልግም። ያ የጥናቱ ተማሪ ነው። ጠዋት ሰው ያየዋል።

ስለ ስብሃት ከሚወራው የሚያደክመኝ ሌላ ነው። የሚወደውም የሚጠላውም ስለ መጽሐፉ ሲጠየቅ ስለ ሰውየው ይመልሳል። "ሊቅ ስለሆነ ደፈረ" ወይም "ሊቅ ሆኖ እንዴት!" እያለ። ዓረፍተ ነገሮቹ እንዴት አጫጭር እንደሆኑ፣ ሴቶቹ ሲያወሩ እያንዳንዷ የራሷ ድምፅ እንዳላት የሚነግረኝ አንባቢ ስፈልግ ብዙ ጊዜ አጣለሁ። ያ ደግሞ ለሚጽፍ ሰው የሚጠቅመው ነገር ነው።

ለመሆኑ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ዓይነቱን አስተያየት ምን ያድርገው? ዉልፍ ራሷ፣ ሂስ ሲወጣባት ክፉኛ የምትረበሸው፣ በ1939 ባወጣችው ቡክሌት አንድ ሐሳብ አቀረበች። የመጽሐፍ ገምጋሚዎች ይቅሩ አለች። በእነሱ ፈንታ አንድ ሠራተኛ ከመጽሐፉ ቅንጭብ ያወጣል፣ ከሥሩም ከወደደው ኮከብ፣ ካልወደደው ጩቤ ምልክት ያደርጋል። በቃ። እውነተኛ ሂስ የሚፈልግ ደራሲ ደግሞ ልክ ወደ ሐኪም እንደሚሄድ ከፍሎ አንድ አዋቂ ሐያሲ ዘንድ ይሄዳል። በሩ ተዘግቶ፣ ያለ ይሉኝታ፣ ያለ ተመልካች ይነጋገራሉ። ሌናርድ በዚያው ቡክሌት መጨረሻ ላይ እንደማይስማማ ጻፈ። ገምጋሚው የሚሠራው ለደራሲው ሳይሆን ለአንባቢው ነው አለ።

የኮከቡና የጩቤው ነገር ዛሬ ተፈጽሟል፤ ሌላ ምንም ያልተፈጸመላት ይመስለኛል። የተዘጋው በር ግን ልክ ነው። ምክንያቱ ያ የ2003ቱ ጥናት ነው፤ ሰው ብቻውን ሲሆን ሌላ ቁጥር ይናገራል። ስለዚህ ረቂቄን ሰብሰብ ብለው በተቀመጡ ሰዎች ፊት ማንበብ ትቻለሁ። በተለይ አልጋ ያለበትን። በጉባኤ ላይ የመጀመሪያው ሰው ካፈረ ሁሉም ያፍራል፤ የመጀመሪያው ጀግና ከሆነ ሁሉም ጀግና ይሆናል።

አጠያየቁን ደግሞ የወሰድኩት ከኪንሴይ ነው። ኪንሴይና ረዳቶቹ ሰውን "እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?" ብለው አይጠይቁም ነበር። "መጀመሪያ ያደረግከው መቼ ነው?" ይላሉ። የመካድ ሸክሙን ሰውየው ላይ ጣሉት። የስታትስቲክስ ሰዎች በናሙና አሰባሰቡ በጣም ተችተውታል፣ ልክም ናቸው። ለሳይንስ ችግር አለው። ለጸሐፊ ግን ድንቅ ነው። "ወደድከው?" ብዬ ከጠየቅሁ ሰውየው ስለ እኔና ስለ እሱ ወዳጅነት ይመልስልኛል። "ማንበብህን አቁመህ ስልክህን ያነሳኸው የት ላይ ነው?" ብዬ ስጠይቅ አንድ ቦታ ማንሳቱን አስቀድሜ አምኛለሁ ማለት ነው። ስለዚህ አያፍርም። "ገጽ ሦስት፣ እሱ ስለ እናቱ ማውራት ሲጀምር" ይለኛል። ይህ ፍርድ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ነው፤ ሄጄ ማየት እችላለሁ። ከዉልፍ ደብተር ውስጥም ለጆይስ ይጠቅመው የነበረው ብጉሩ ሳይሆን "እስከ መቃብሩ ትዕይንት ድረስ" የሚለው ነው። እዚያ ድረስ ይዟታል፤ ከዚያ ለቋታል። ጆይስ ሰምቶ አልለውጥም ሊል ይችላል፤ እኔም ባይለውጥ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያወቀውን አውቆ ነው።

በዚህ ዘዴ የማይመለስ ነገር አለ፤ አልክድም። አንዳንድ አስተያየት ቦታ የለውም። "ሙሉ ታሪኩ ውሸት ነው" የሚል አንባቢ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ስልኩንም አንዴ ሳያነሳ። እንዲህ ያለውን ስሰማ የማየው ሌላ ሰው ሳያነጋግረው እዚያው የደረሰ እንደሆነ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ጠረን ከሸተታቸው አንድ ነገር ተበላሽቷል።

የፊዚክስ መምህርቷን ረቂቅ ሦስተኛ ሰው አንብባዋለች። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት፤ ሂሳብ ታስተምራለች። ብቻችንን ነበርን። ስለ መዋረድም ስለ ነፃነትም አንድ ቃል አልወጣትም።

"ስልክሽን የት ላይ አነሳሽ?" አልኳት።

"አልጋው ላይ" አለችኝ። "ፊዚክሱ የት ሄደ? ገጽ ሁለት ላይ አስተማሪ ነበረች። ገጽ አምስት ላይ ማንም ሴት ናት። ደሞ ሻማ አብዝተሃል። ስታፍር ሻማ ታበራለህ።"

ሻማ አራት ቦታ ነበር። መጀመሪያ መብራት ጠፍቶ ነው ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ መብራት አልጠፋም። ሁሉንም አወጣኋቸው። አልጋው ላይ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ከመርኩት፤ መምህር ቤት ሌላ የት ይቀመጣል? ሰውየው እንዲቀመጥ መጀመሪያ ወረቀቱ መነሳት አለበት። እሷ ደግሞ የየክፍሉ ወረቀት እንዳይቀላቀል ትጨነቃለች፣ እሱን እየነካችው ሳለም "የ10ኛ ቢን በዚያ በኩል" ትላለች። አሁን ያቺ ሴት ጎበዝም ደፋርም ናት፣ ግን አንዱ የሌላው ምክንያት ስለሆነ አይደለም። ሁለቱም የእሷ ስለሆኑ ነው።

ለአዛውንቱ አዲሱን ረቂቅ አሳየኋቸው። አሁንም አላመኑኝም። ወረቀቱ ግን ልክ ነው አሉ፤ እሳቸውም ጡረታ እስኪወጡ አስተምረዋል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ወረቀቱ ስሜቱን አቀዘቀዘው፣ የመጀመሪያዋ ሴት ትሻላለች አለችኝ። አመስግኜ ወረቀቱን ተውኩት።

የሂሳብ መምህርቷም እንደገና አነበበችው።

"አሁንስ የት ላይ ነው?"

"ገጽ ስድስት።"

ልቤ ደነገጠ። ገጽ ስድስት በጣም የለፋሁበት ነው። "ምነው? ምን ሆነ እዚያ ላይ?"

"ምንም አልሆነ። ባሌ ደውሎ ነው።"